ከኪራዩ በፊት ቤቱን እዩት

በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ክትባት፣ ስለ ሳልና ስለ ተቅማጥ ነው። ዛሬ ከበሽታው አንድ እርምጃ ቀደም ብለን ልጆቻችን ቀኑን ስለሚውሉበት ግቢ እንነጋገራለን።

ነገሩን ያመጡት ሦስት ወጣት ሴቶች ናቸው። ሁለቱ መምህራን ናቸው፤ አንደኛዋ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ሦስቱም ወልደዋል፤ ሦስቱም ልጆቻቸውን ጠዋት ጠዋት በታክሲ ወደ አዲስ አበባ ያመላልሳሉ። በሰፈራቸው ልባቸው ያረፈበት ኬጂ ቢያጡ "ለምን እኛው አንከፍትም?" ተባባሉ። ያጠራቀሙት ገንዘብ አለ፤ ሚኒሶታ የሚኖረው የአንደኛዋ ወንድምም ሊያግዛቸው ቃል ገብቷል። "ሲስተር፣ የጤናውን ነገር እርስዎ ይዩልን" ብለው መጡ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ድረስ አብሬያቸው ዞርኩ። ያየሁትን ለእናንተም ማካፈል የፈለግሁት፣ በእነዚህ ከተሞች ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ ነው። ትምህርት ቤት ለመክፈት የማያስቡ ወላጆችም ቢሆኑ ልጃቸውን የሚያስረክቡበትን ግቢ በምን ዓይን ማየት እንዳለባቸው ይጠቅማቸዋል።

በመጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ወንድምየው በስልክ "ቻርተር ስኩል ክፈቱ" ይላቸዋል። እሱ የሚኖርበት ሚኒሶታ የዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት የትውልድ ስፍራ ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያውን የቻርተር ትምህርት ቤት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ይኸው ግዛት ሲሆን፣ የመጀመሪያውም ትምህርት ቤት በቀጣዩ ዓመት በሴንት ፖል ከተማ ተከፈተ። አሠራሩ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ መምህራን ወይም ወላጆች ተሰባስበው ሥልጣን ካለው አካል ጋር ውል ይፈርማሉ። ገንዘቡ የመንግሥት ነው፤ አስተዳደሩ የእነሱ ነው። ወላጅ አይከፍልም። ውሉ ላይ የተጻፈውን ውጤት ካላመጡ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ውል የለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፣ የግል አለ፣ የእምነት ተቋማትና በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያስተዳድሩት አለ። የእኔ ዕድሜ ሰዎች ደግሞ "የሕዝብ ትምህርት ቤት" የሚባለውን እናስታውሳለን። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች በአዋጅ ከተወረሱ በኋላ ወላጅ እየከፈለ፣ ኮሚቴ እያስተዳደራቸው የቆዩ ነበሩ። የግሉ በር እንደገና በሰፊው የተከፈተው በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ነው። ስለዚህ ልጆቼ፣ እናንተ የምትከፍቱት የግል መዋዕለ ሕፃናት ነው አልኳቸው። ይህን ማወቅ ከስም በላይ ነው። ኪራዩም፣ ደመወዙም፣ ግብሩም ከወላጅ ኪስ ከሚመጣ ክፍያ ነው የሚወጣው። ቤት ሲመረጥ የተዘለለ ነገር ካለ ኋላ ዕዳው ወይ በወላጅ ክፍያ ላይ ይጨመራል፣ ወይ በልጅ ጤና ይከፈላል። ሌላ ከፋይ የለም።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ፈቃዱ ከማን ይጠየቃል የሚለው ነው። ከአስኮ ቡራዩ፣ ከዓለም ባንክ ሰበታ በታክሲ ጥቂት መንገድ ነው። በወረቀት ግን ሌላ አስተዳደር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለትምህርት ቤቶች ፈቃድ የሚሰጥ የራሱ ባለሥልጣን አለ፤ የእሱ ወረቀት ከከተማው ወሰን አያልፍም። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በኦሮሚያ ክልል ሥር ናቸው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ውስጥ ቆይተው፣ በ2015 ዓ.ም. ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለዋል። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት የከፈተ ዘመድ "እኔ እዚያ ቢሮ ሄጄ ነው የጨረስኩት" ቢላችሁ ምክሩ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የትኛው ክፍለ ከተማ፣ የትኛው የትምህርት ጽሕፈት ቤት እንደሚመለከታችሁ እዚያው ሄዳችሁ ጠይቁ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውም ምላሹም በዚያው ነው። ቋንቋውን አሳምሮ የሚጽፍ ሰው ከመሥራቾቹ መካከል ቢኖር ለአስተርጓሚ ከሚወጣው ገንዘብ ባሻገር ብዙ ምልልስ ያስቀራል።

ሰው "ፈቃድ" ሲል አንድ ወረቀት ይመስለዋል። ሦስት ናቸው። አንደኛው ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሚገኘው ነው፤ ግቢውን፣ ክፍሎቹን፣ መምህራኑንና መሣሪያውን አይቶ "ይህ ቦታ ለማስተማር ይበቃል" የሚለው። ሁለተኛው የንግድ ፈቃዱ ነው። የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 እንዲህ ላሉ ዘርፎች አስቀድሞ የብቃት ማረጋገጫ ይጠይቃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሳይኖር ሁለተኛው አይመጣም። ሦስተኛውን ብዙዎች ይረሱታል፤ የሕንፃው ነው። ለመኖሪያ የተሠራ ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲለወጥ አገልግሎቱ ተለወጠ ማለት ነውና እሱም የራሱን ፈቃድ ይጠይቃል። የሕንፃ አዋጁ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረውም ያዛል።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። ሦስቱም ወረቀቶች የሚጠይቁት ቤቱን ነው። እኛ ግን የምንጀምረው ከኪራዩ ነው። ደላላው "ሌላ ሰው ሊወስደው ነው" ይላል፤ የስድስት ወር ይከፈላል፤ ግድግዳው ላይ አንበሳና ቀጭኔ ይሳላል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ተቆጣጣሪ የሚጠራው። የማውቃት አንዲት እናት እንዲህ አድርጋ ወንበሩን ሁሉ ከገዛች በኋላ "ግቢው አይሆንም" ተባለች። የተከፈለ ኪራይ አይመለስ፤ ቀጭኔውም ከግድግዳው አይነሳ። በዚህን ጊዜ ሰው ሁለት ምርጫ ብቻ ይቀረዋል፦ ኪሳራውን መዋጥ ወይም ተደብቆ መክፈት። ተደብቆ የተከፈተ ኬጂ ደግሞ ጤና ጣቢያው ስለማያውቀው ለክትባት ዘመቻ አይደርሱለትም፤ ልጅ ቢወድቅ የሚጠይቅ አካል የለም፤ ወላጅም የሚያመለክትበት ቢሮ ያጣል።

እኛ አካሄዱን ገለበጥነው። በመጀመሪያ መስፈርቱን በጽሑፍ ከጽሕፈት ቤቱ ወሰድን። ከዚያ ሜትርና ደብተር ይዘን ቤት ለቤት ዞርን። አንድ ብር ሳይከፈል ሦስት ግቢ አየን።

የሰበታው ግቢ ሲያዩት ልብ ይወስዳል። ከጅማ መንገድ ገባ ብሎ፣ አበባ የበዛበት፣ ፎቅና ምድር ቤት ነው። "የውሃ ችግር የለም፤ የራሳችን ጉድጓድ አለን" አሉን ባለቤቱ። ጉድጓዱን አሳዩኝ አልኩ። ከሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ እስከ ጉድጓዱ በእርምጃዬ ብለካው ዐሥራ ሁለት ነው። የውሃ ጉድጓድ ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ ያም ሆኖ ሽንት ቤቱ በከፍታ በኩል ከሆነ አይበቃም። ውሃው ጥሩ ነው ብሎ መማል ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ሁለተኛው ችግር ደረጃው ነበር። ከክፍሎቹ ሁለቱ ፎቅ ላይ ናቸው፤ የደረጃው ፍርግርግ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ጭንቅላት ያሳልፋል። ማየት የተሳናቸው ተማሪዎች ትምህርት ቤት ስሟን ያስጠራው ሰበታ ውስጥ፣ በክራንች ወይም በዊልቸር የሚመጣ ልጅ የማይገባበት ኬጂ መክፈት ያሳፍራል ብዬ ተናገርኩ። ባለቤቱ ሰውየው ደግ ናቸው፤ "ሲስተር፣ መወጣጫውን እኔ አሠራለሁ" አሉ። ጉድጓዱን ግን ማንቀሳቀስ አይቻልም።

ቡራዩ ላይ ያየነው ምድር ቤት ብቻ ነው፤ ክፍሎቹ ሰፋፊ፣ መስኮቶቹ ትልልቅ። እንከኑ በሩ ነው። በሩ በቀጥታ አምቦ መንገድ ላይ ይከፈታል። ሦስቱም ከተሞች በአውራ ጎዳና ዳር የተዘረጉ ናቸው፤ ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ። ሲኖትራኩም፣ አውቶቡሱም፣ ባጃጁም በዚያው ያልፋል። ሕፃን ደግሞ እናቱን ከወዲያ ማዶ ካየ ግራ ቀኝ አያይም፤ ይሮጣል። በሥራ ዘመኔ የመኪና አደጋ የደረሰበት ልጅ ታቅፎ ሲመጣ ተቀብያለሁ፤ ብዙዎቹ ጤና ጣቢያ የደረሱት ደብተራቸውን አንግተው ነው። አስፋልት ዳር ያለ ግቢ ቢያንስ በጎን በኩል መንደር ውስጥ የሚከፈት በር ሊኖረው ይገባል።

ከበሩ በላይ ያስጨነቀን ካርታው ነው። አከራይዋ "ካርታው በሂደት ላይ ነው" አሉ። ሸገር ከተማ ከተመሠረተ በኋላ በእነዚህ ከተሞች ብዙ ቤቶች ሕገወጥ ግንባታ ተብለው መፍረሳቸውን ሁላችንም እናስታውሳለን። የፈረደበት ቤተሰብ ሌላ ቤት ተከራይቶ ይገባ ይሆናል። በዓመቱ አጋማሽ ቤቱ የፈረሰበት ኬጂ ግን መቶ ሃያ ልጅ ይዞ የት ይገባል? የይዞታ ማረጋገጫውን በዓይናችሁ ሳታዩ፣ በሚመለከተው ክፍልም ሳታስጣሩ ውል አትፈርሙ። ውሉም በቃል ሳይሆን ውል ማዋዋያ ቀርቦ የጸደቀ፣ ዘመኑም ቢያንስ አንድን ልጅ ከኬጂ አስገብቶ የሚያስጨርስ ይሁን።

ሱሉልታ ላይ ቦታ አለ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ልጅ የሚሮጥበት መስክ፣ የሚቀመጥበት ዛፍ። ካርታው ንጹሕ ነው፤ በሩም መንደር ውስጥ ነው። የሱሉልታ ፈተናዋ ብርዷ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጩ ሣሩን ያነጣዋል። በአካባቢው ብርዱን እንዴት እንደሚከላከሉ ስጠይቅ "ጠዋት ከሰል አቀጣጥለን እናስገባለን፣ በሩን እንዘጋለን" አሉኝ። እግዚኦ! የከሰል ጭስ ዓይን የሚያቃጥለው ብቻ አይደለም የሚገድለው። የተቀጣጠለ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል። ልጁ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ መምህሯ የደከመው ይመስላታል። ልጆች በተዘጋ ክፍል ከሰል ዘንድ ማስቀመጥ በምንም ምክንያት አይፈቀድም። ብርድን የሚከላከለው ወለሉ ላይ የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ ነፋስ የማያስገባ ጣሪያና ኮርኒስ፣ ፀሐይ የሚያስገባ መስኮትና የልጁ ሹራብ ነው። ማስተማሪያ ሰዓቱንም በብርድ ወራት ግማሽ ሰዓት ማዘግየት ይቻላል።

ስለ ሽንት ቤትና ስለ ውሃ ደግሞ ቁጥር ልስጣችሁ፤ ሰው "በቂ ነው" ሲል ለሁሉም በቂው የተለያየ ነውና። የዓለም የጤና ድርጅት ለትምህርት ቤቶች ያወጣው መመሪያ ለ25 ሴት ልጆች አንድ መጸዳጃ፣ ለ50 ወንዶች አንድ መጸዳጃና የወንዶች መሽኛ ይላል። 60 ሴትና 60 ወንድ ያለው ኬጂ ለሴቶቹ ሦስት፣ ለወንዶቹ ሁለት ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ የሠራተኞች ለብቻው ነው። ቀዳዳው ወይም መቀመጫው ለትንሽ ልጅ የሚሆን ይሁን፤ ልጅ የፈራውን ሽንት ቤት አይጠቀምም፤ ይይዛል፣ ከዚያ ይታመማል ወይም ልብሱ ላይ ያመልጠዋል። ውሃን በሚመለከት መመሪያው በቀን ለአንድ ሰው 5 ሊትር ይላል። ለ130 ሰው 650 ሊትር መሆኑ ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ሦስት ቀን ያቆያል። በውሃ የሚለቀቅ ሽንት ቤት ካለ ከዚህ ብዙ ይበልጣል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ፈረቃው በየስንት ቀኑ እንደሆነ ጎረቤት ጠይቃችሁ ሮቶውን በዚያ ልክ ግዙ።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። ያመመው ልጅ ወላጁ እስኪመጣ የሚተኛበት ጥግ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥንና አጠቃቀሙን የሠለጠነ አንድ ሰው፣ የወላጆች ስልክ የተጻፈበት ደብተር፣ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ስልክ ግድግዳው ላይ። በምዝገባ ቀን የክትባት ካርድ ይታይ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር አንድ፣ በ15 ወር ሁለተኛው አለ። ሁለተኛው በአገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥ ስለሆነ ብዙ እናቶች አንዱን ብቻ ያስታውሳሉ። ካርዱ ያልተሟላ ልጅ ከትምህርት አይመለስ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ግን ይላክ።

ከዚህ በኋላ ያለው የመምህራኑ ነገር ነው። እሱን ለባለሙያዎቹ እተወዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። የመንግሥት የትምህርት ቤቶች ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን በ26 መስፈርቶች ይመዝናል። ከመቶው 25 የሚሰጠው ለግብዓት ነው፤ ለሕንፃው፣ ለመጽሐፉ፣ ለመሣሪያው። 35 ለሂደቱ፣ ማለትም መምህሩ ክፍል ውስጥ ለሚሠራው ነው፤ 40 ለውጤቱ ነው። ከአራቱ ደረጃዎች መስፈርቱን አሟልቷል የሚባለው ከሦስተኛው ጀምሮ ነው። ስለዚህ ጥሩ ቤት ሩብ መንገድ ያደርሳል። ቀሪው ሦስት ሩብ የሚገኘው ከመምህሯ ነው። ለግድግዳ ሥዕል የታሰበው ገንዘብ በሥነ ሕፃናት የሠለጠነች መምህርት ደመወዝ ላይ ቢጨመር ይሻላል። ትምህርቱ በየትኛው ቋንቋ፣ በየትኛው መጽሐፍ እንደሚሰጥም ከክልሉ ሥርዓተ ትምህርት ጋር አስቀድማችሁ አስተያዩ። መጽሐፍ ከተገዛ በኋላ የሚመጣ ማስተካከያ ውድ ነው።

ለጽሕፈት ቤቶቹም አንድ ቃል አለኝ። መስፈርቱ ይጥበቅ እላለሁ፤ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ቁስል ያጠብኩ ሰው ነኝና። ግን መስፈርቱ በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ የሚጠየቀው ሰነድ ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ ዝርዝሩ ይሰጥ። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ የተጨመረበት ሰው ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል፤ የሰለቸ ሰው ደግሞ ወይ እጅ መንሻ ይፈልጋል ወይ ተደብቆ ይከፍታል። ቤት ከመከራየቱ በፊት ለጠየቀ ሰው ባለሙያ ልኮ ግቢውን አይቶ "ይህ ይሆናል፣ ይህ አይሆንም" ማለት ቢለመድ፣ በኋላ ከሚመጣው እሸጋ ሁሉ ይቀላል። በተለይ ሸገር ሰፊ ከተማ ናት፤ በየቀኑ ቤት ይሠራል፣ በየቀኑ ልጅ ይወለዳል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያሉት የቅድመ መደበኛ ክፍሎች ብቻቸውን አይችሉትም።

ሦስቱ ሴቶች ይህን ስጽፍ ለሱሉልታው ግቢ ከጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ እንዲመጣላቸው አመልክተው ቀጠሮ ይጠብቃሉ። ለመስከረም ይደርሳል አይደርስም ገና አልታወቀም። ካልደረሰ ለሚቀጥለው ዓመት እንላለን አሉ፤ የከፈሉት ኪራይ የለምና መቸኮል አላስፈለጋቸውም።

እናንተ ወላጆች ደግሞ ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ክፍያውን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። የዘንድሮውን ፈቃድ አሳዩኝ በሉ፤ በግልጽ ግድግዳ ላይ ካለ መልካም ምልክት ነው። ሽንት ቤቱን ግቡና እዩ። ቧንቧውን ክፈቱት። በሩ ወዴት እንደሚከፈት ተመልከቱ። ጠዋት ልጆቹ ሲገቡ አንድ ቀን ቆማችሁ መምህሯ ልጁን እንዴት እንደምትቀበለው እዩ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። "ሲስተር፣ ይቆጡናል" ያለችኝ እናት ነበረች። የሚቆጣ ትምህርት ቤት ከሆነ ይኸው በራሱ መልስ ነው።